የሊቀ ጆሮ ሙሔ ፍርድ

አበሻ በሰፈረበት አገር ሁሉ አንድ የድምፅ ዳኛ አለ። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አይሽረውም፣ ይግባኝም አይባልበትም። ሰርግ ላይ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ያለችውን ወንበር ቀድሞ ይይዛል። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፤ ከዚያ ወይ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወይ ወደ ሳህኑ ይመለሳል። ወደ ሳህኑ ከተመለሰ ያ ዘፋኝ አለቀለት። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ዳኛው እናንተው ሳትሆኑ አትቀሩም።

የፍሌሚንግተን ዳኛ ጋሼ ሙሔ ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ የባቲ ሰው ናቸው፤ ሜልቦርን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ከባለቤታቸው ከእትዬ ዙሃራ ጋር ከእኛ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ይኖራሉ። በሌሉበት ሊቀ ጆሮ ሙሔ እንላቸዋለን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ይህን ማዕረጋቸውን እሳቸው እስከ ዛሬ አልሰሙትም።

ሊቀ ጆሮ የማይዳኙት ድምፅ የለም። ትራም ውስጥ ቀጣዩን ፌርማታ የምትናገረዋን ሴት «ይቺ ልጅ ምሳዋን ሳትበላ ነው ሥራ የገባችው» ይሏታል። ፎቅ የምትጠራዋን የሊፍታችንን ሴትዮማ ጭራሽ አይቀበሏትም። በሃይማኖትም አያዳሉም። የእኛን ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን በስልኬ ባሰማቸው «ቅዳሴው መልካም ነው፤ ልጁ ግን ከአፍንጫው ነው የሚያወጣው» አሉኝ፤ እሳቸው መስጊድ አዛን የሚያደርገውን ያህያን ደግሞ «ትንፋሹ ገና ጢም አላወጣም» ብለውታል። ሁለቱም ወገን እኩል ተቀይሟቸዋል።

ታክሲ በሚነዱበት ዘመን አንድ ሞቅ ያለው ተሳፋሪ ከኋላ ወንበር ሲያንጎራጉር መኪናቸውን ዳር አስይዘው «ወይ በደረትህ ዝፈን፣ ወይ ውረድ» እንዳሉት ራሳቸው ይናገራሉ። ሰውዬው እስከ ፊትዝሮይ ድረስ በደረቱ ዘፍኖ፣ ሲወርድ አመስግኗቸው ሄደ አሉ። እኔ አምናለሁ።

መለኪያቸው አንድ ነው፤ ውፍረት። ጎርናና፣ ከደረት የሚወጣ፣ መስኮት የሚያርገበግብ ድምፅ ይወዳሉ። «ድምፅ ማለት ሳያንኳኳ የሚገባ ነው» ይላሉ። ቀጭን ድምፅ ያለው ሰው እሳቸው ፊት ባይዘፍን ይሻለዋል። ያልወደዱትን «አልጣመኝም» ብለው ያልፉታል፤ ምክንያት አይሰጡም። ለምን ብሎ የሚከራከር ካለ ደግሞ «ጉሮሮ አይዋሽም» ይሉታል፣ ክርክሩም እዚያው ያበቃል።

እኔስ? እኔማ የተመሰከረልኝ ሰው ነኝ። ያራቪል ኮንቴይነር ግቢ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ከማሽን ጋር ስጯጯህ ድምፄ እንደ በርሜል ሆኗል። ዘፋኝ አይደለሁም፤ ባለቤቴ አዜብ ይህን በሳምንት ሁለቴ ታስታውሰኛለች። ጋሼ ሙሔ ግን የዛሬ ሰባት ዓመት አንድ ልደት ላይ በባቲ ቅኝት ስዘፍን ሰምተውኝ «ሔኖክ፣ ድምፅ ማለት ይኼ ነው» አሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ድግስ በተደገሰ ቁጥር «አንድ በለን» ይሉኛል፣ እኔም አልግደረደርም። ምን አለፋችሁ፣ ሰባት ዓመት በዚያች ፍርድ ኖሬያለሁ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አንተን ያመሰገነህን ዳኛ ሌላ ሰው ላይ ሲፈርድ ተሳስቷል ማለት ይከብዳል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለእንቁጣጣሽ ከሕንፃችን ሥር ባለው አዳራሽ ተሰበሰብን። ልጄ ያብስራ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አማርኛ ስናናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ፣ ሦስት ወር ሙሉ በሯን ዘግታ አምባሰል ስትለማመድ ከርማለች። ቆማ ዘፈነች። ሲያልቅ ሰው አጨበጨበና፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ ጋሼ ሙሔ ዞረ።

«እኔ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ ግን አልሰማሁም» አሉ። «ቀጭን ናት።»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልጄ ስስቅ አየችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያብስራ አልዘፈነችም። ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ሻወር ቤትም። ስልኳ ላይ የነበሩትን ቅጂዎች ሁሉ አጠፋቻቸው። እስቲ አንድ ጊዜ ስላት «ድምፅ የለኝም» ትለኛለች፣ በእንግሊዝኛ፣ ቁጣም ሳይኖርበት፣ ቁመቷን እንደምትነግረኝ ሁሉ። ያልተቆጣችው አምናበት መሆኑ ነው ያንገበገበኝ።

ነገሩን የፈቱት እትዬ ዙሃራ ናቸው። ባለፈው መጋቢት ሊፍት ስንጠብቅ እጄን ያዝ አደረጉና «ሔኖኬ፣ ሙሔ ሳልሰለቸው አልቀረሁም» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ከኩሽና ስጠራው አይመልስልኝም። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ስጠራው ወዬ ይለኝ ነበር። እኔን ያገባኝ በድምፄ ነው እኮ። መንዙማ ስል ከአጥር ውጭ ቆሞ ይሰማኝ ነበር።»

«እርስዎ ደግሞ ድምፅዎ ቀጭን ነው» አልኩ፤ ወዲያው አፈርኩ።

«ቀጭን ነዋ። እሱም የሚወደው ቀጭን ነበር። አሁን ምን እንደነካው አላውቅም።»

ሊፍቱ መጥቶ ሄደ፤ ሁለታችንም አልገባንም። ችግሩ ጆሯቸው መሆኑን የጠረጠርነው ያኔ ይመስለኛል። እትዬ ዙሃራ ባላቸውን የሰፈር ሐኪማቸው ዘንድ ወስደው ለጆሮ ምርመራ ሪፈራል አጻፉ። ጋሼ ሙሔ በስልክ የሚያስተረጉመውን ሰው «ድምፁ አልጣመኝም» ብለው ስለመለሱት፣ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት ወጣት ባለሙያ በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል አስቀምጣ፣ ሄድፎን አጥልቃ፣ አንዲት ቁልፍ አስያዘቻቸው። «ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይህቺን ይጫኑ» ብዬ ተረጎምኩ። ጋሼ ሙሔ ኮታቸውን አስተካክለው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ችሎት ተቀመጡ። ሦስት ጊዜ ተጫኑ። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጸጥ አሉ። ባለሙያዋ ግራ ገባትና በሩን ከፈተች።

«ጋሼ፣ አልሰሙም እንዴ?» አልኳቸው።

«እንዴት አልሰማም። የጣመኝን ተጫንኩ። የቀረው አልጣመኝም።»

ተረጎምኩላት። ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ያልወደዱትንም ይጫኑ በላቸው» አለችኝ።

«ሕጉ እንዲያ ከሆነ ቀድማ መናገር ነበረባት» አሉና እንደገና ተቀመጡ።

በሁለተኛው ዙር እኔ ከባለሙያዋ ጀርባ ቆሜ ነበር። ድምፅ በላከች ቁጥር ፊቷ ያለው መሣሪያ ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ትበራለች። መብራቷ ትበራለች፣ ጣታቸው አይንቀሳቀስም። ደግማ ትበራለች፣ አይንቀሳቀስም። ቀና ብዬ በመስታወቱ ባያቸው ዓይናቸው ፊቴ ላይ ነው። ሚኒስትሪ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ኮራጅ ተማሪ፣ ቅንድቤን እስካነሳላቸው ይጠብቃሉ።

ላደርገው ነበር። እውነቴን ነው፣ ለትንሽ ነው የቀረሁት። መብራቷ በበራች ቁጥር ራሴን ነቅነቅ ባደርግ ጋሼ ሙሔ እንደከበሩ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ እኔም ድምፄን ባመሰገኑበት ፍርድ እኖራለሁ። ያብስራ ትዝ አለችኝና አቀረቀርኩ።

ውጤቱን ባለሙያዋ ወረቀት ላይ አሳየችን። መስመሩ ከግራ ደህና ይጀምርና መሐል ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ወፍራም ድምፅ ይሰማሉ፤ ቀጭኑ፣ የሴቱ፣ የልጁ፣ የወፉ ከሄደ ቆይቷል አለች። ቃል በቃል ነገርኳቸው።

ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። «ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቅልኝ» አሉ።

«ቢያንስ ሰባት ዓመት ይሆነዋል ትላለች።»

ሰባት ዓመት ስል እኔም ደነገጥኩ፣ ግን ስለራሴ ማሰቡን ለኋላ አቆየሁት። ትራም ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሴትዮዋ ፌርማታ ትጠራለች። ጋሼ ሙሔ ምንም አልፈረዱባትም።

«ያብስራ የዘፈነችው ከሁለት ዓመት አያልፍም አይደል?» አሉኝ ዘግይተው።

«አዎ ጋሼ። ሁለት ዓመት።»

«ከንፈሯን አየሁ፣ ድምፅ አልሰማሁም ብዬ ነበር። እውነቴን ነበር እኮ። ጆሮዬ እንዳልሰማት ግን ያኔም አውቅ ነበር። አልሰማሁም ማለት ስለሚያሳፍር ነው አልጣመኝም የምለው። ልጅቷ አሁን ትዘፍናለች?»

«አትዘፍንም ጋሼ።»

ፌርማታችን ደረሰና ወረድን።

ባለሙያዋ ያዘዘችላቸው የጆሮ መስሚያዎች በሦስተኛው ሳምንት መጡ፤ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠሉ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን እትዬ ዙሃራ ከኩሽና፣ መልስ ሳይጠብቁ፣ እንዲያው ከልማድ «ሙሔ» ብለው ተጣሩ። ጋሼ ሙሔ ሳሎን ሆነው «ወዬ» አሏቸው። እትዬ ዙሃራ ምድጃውን አጥፍተው እዚያው ኩሽና ወንበር ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። «ለካ አልሰለቸሁትም» አሉኝ በስልክ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ረፋዱ ላይ በራችን ተንኳኳ። ብከፍት ጋሼ ሙሔ ናቸው፤ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተዋል፣ ትከሻቸው ላይ ዳቦ የሚያህል ድንጋይ ተሸክመዋል። ከመኪና ማቆሚያው የአበባ መደብ እንዳነሱት አወቅሁት።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው? ያውርዱት፣ ልቀበልዎ።»

«አንተ አይደለህም የምታወርደው። ልጅቷን ጥራልኝ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሊፍቷ ሴትዮ ለካ ደህና ኖራለች፣ ያለኃጢአቷ ነው ስኮንናት የኖርኩት» አሉኝ።

ያብስራ ከክፍሏ ወጣች። አየቻቸውና ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ «አባዬ፣ ድንጋዩ ምንድን ነው?» አለችኝ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ ይመጣል፣ የተበደለው ካላወረደለት አያወርድም አልኳት። ለእሷ ነው የመጡት ስላት አላመነችኝም።

«ልጄ» አሏት ጋሼ ሙሔ፣ «ሰው ፊት ፈረድኩብሽ። ሳልሰማሽ ነው የፈረድኩት። ጉሮሮ አይዋሽም ስል ኖርኩ፤ ጆሮዬ ዋሸኝ፣ እኔም አብሬው ዋሸሁ። ዝፈኚልኝ ልልሽ አልመጣሁም። ፍርዴን ላነሳ ነው።»

ያብስራ ቆማ አየቻቸው። ሰባ አራት ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው፣ ድንጋዩ አጉብጧቸዋል። ጠጋ ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሳችላቸውና፣ የት እንደምታደርገው ግራ ገብቷት ዙሪያዋን አየች። ከዚያ መጥታ እኔ ትከሻ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተም ስቀህ ነበር» አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችኝ።

ይቅርታ አልኳት፤ ድምፄም እንደ በርሜል አልነበረም። ዞራ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩን ግን አልዘጋችውም።

ጋሼ ሙሔ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እኔ ድንጋዬን ተሸክሜ ቆምኩ፤ አውርድ ያለኝ የለም። አዜብ ውሃ ይዛ መጣችና እኔን አይታ ለእንግዳው ብቻ አቀረበች። ብዙ ቆየን። መጀመሪያ ያብስራ ከክፍሏ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማን። ቀጥሎ ያችኑ አምባሰል፣ ከተወችበት፣ በጣም በቀስታ ጀመረችው። እየቆየች ከፍ አደረገችው። ሁለት ዓመት የተዘጋ ድምፅ ነውና መሐል ላይ ተሰበረባት፤ መልሳ ያዘችው።

ጋሼ ሙሔ አንገታቸውን ዘንበል አላደረጉም። እንደ ተራ ሰው ተቀምጠው ሰሙ። ሲያልቅ ዓይናቸውን በኮፍያቸው ጠረጉ።

«ቀጭን ናት» አሉኝ። «ልክ እንደ ዙሃራ።»

ያብስራ በሩ ላይ ብቅ ብላ «አውርደው አባዬ» አለችኝ።

ድንጋዩን አሁን መስኮታችን ሥር አስቀምጠነዋል፤ አዜብ መመለስ አለበት ትላለች፣ ያብስራ አይሆንም ብላለች። የዚያን ቀን ግን ገና ከትከሻዬ ሳላወርደው ጋሼ ሙሔ ወደ እኔ ዞሩ። «በል አንተም አንድ በለን።»

ይህን ነበር ከክሊኒኩ ቀን ጀምሮ የፈራሁት። ሰባት ዓመት ሙሉ ያመሰገኑኝ ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ነው፤ ጆሯቸው የሚደርሰው ወፍራሙ ብቻ ነበር። እምቢ እንዳልል ልጄ ታየኛለች። በባቲ ጀመርኩ። አንድ ስንኝ እንደጨረስኩ ፊታቸውን አየሁት። ሊቀ ጆሮ ሙሔ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ቅንድባቸው ግን በአዲሱ ጆሮ እያንዳንዷን ስህተቴን ሲቆጥር አየሁት። አቆምኩ።

«ጋሼ፣ ይፍረዱ ግድ የለም» አልኳቸው።

እጃቸውን ወደ ጆሮአቸው ሰደዱ። መጀመሪያ የቀኙን፣ ቀጥሎ የግራውን መስሚያ አወለቁ፤ ከኪሳቸው ትንሿን ሳጥን አውጥተው በጥንቃቄ አስገቧቸውና ክዳኗን ገጠሙ።

«አንተን የምሰማህ በድሮው ጆሮዬ ነው» አሉኝ። ዓይናቸውንም ጨፈኑ።