ይቺም መኪና ተብላ!

ሐበሻ ባለበት አገር ሁሉ አንድ ዋጋ ተከራካሪ አይጠፋም። ዕቃው ላይ ዋጋ ተለጥፎ፣ ከሥሩ «አይቀነስም» ተብሎ ቢጻፍበት እንኳ ይህ ሰው ጽሑፉን የሚያነበው እንደ ሰላምታ ነው። ለስዊዘርላንድ የደረሷት ክቡር አቶ ሀብተሥላሴ ናቸው፤ ዙሪክ አጠገብ ያለችው የኡስተር ከተማ የዋጋ ሊቅ፣ የሻጭ ሁሉ ፈተና። እኛ ግን ጓደኛው አስፋ እንደሚለው ሀብቴ እንበለው፤ ማዕረጉ ረጅም ስለሆነ ያደክማል።

የጥርስ ሐኪሙን «ሁለቱን አንድ ላይ ከነቀልክ ስንት ታደርግልኛለህ?» ያለው ሀብቴ ነው። ሐኪሙ በዕድሜው እንዲህ ተብሎ ስለማያውቅ ደንግጦ ቀነሰለት። ለልጁ ሠርግ አዳራሽ ሲከራይም ባለቤቱን ሦስት ቀን ተከራክሮ አስቀነሰውና፣ ሰውየውን ራሱን ሠርጉ ላይ ጠራው። ሰውየውም ቂም ሳይዝ መጥቶ እስክስታ ወረደ።

የሀብቴ ዘዴ አንድ ናት፤ ማጣጣል። ልቡ የወደደውን ዕቃ ከላይ እስከ ታች ያየዋል፣ ከንፈሩን ጣል ያደርጋል፣ ከዚያ «ይሄም ዕቃ ተብሎ!» ብሎ ጉድለቱን መዘርዘር ይጀምራል። የማይፈልገውን ዕቃ ግን ያሞግሳል። «ግሩም ነው፣ ይባርክላችሁ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ባለቤቱ ሕብስት፣ እኔን ሊያጭ አባቴ ቤት የመጣ ቀን ምን እንዳለኝ አትጠይቁኝ ትላለች።

አስፋ የሚኖረው ጄኔቫ ነው፤ «ለ ሊኞን» በሚባለው የረጃጅም ሕንጻ መንደር። ጡረታ እስኪወጣ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሯል። የራሱ መኪና ግን ሌላ ናት፤ መሪዋ በቀኝ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ከመሬት ስንዝር ብቻ ከፍ ያለች አረንጓዴ ኤምጂ፣ የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና። ከሃያ ዓመት በፊት ያገኛት አንድ ገበሬ ድርቆሽ ማከማቻ ውስጥ ነበር። ያን ቀን ተከራካሪው ማን እንደነበር መናገር አያስፈልግም። ሀብቴ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲያጣጥላት ዋለ። ገበሬው ሲታክተው በግማሽ ዋጋ ሰጣቸውና፣ በላዩ ትርፍ ጎማና አንድ ድቡልቡል አይብ መረቀላቸው። ከዚያ ወዲህ ሀብቴ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሁለቱ ኮፈኗን ከፍተው ሲነካኩ ይውላሉ። ሀብቴ መፍቻ እያቀበለ ይሰድባታል፤ አስፋ ይስቃል።

ነገር ያመጣው የአስፋ ወገብ ነው። ባለፈው ፋሲካ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ። መግባቱን ገብቷል፣ መውጣቱ ግን እምቢ አለ። ጎረቤቱ ሪያድ በብብቱ ይዞ ጎትቶ አወጣው። ይህን ያየች ባለቤቱ ዘነበወርቅ በቃ አለች። ልጃቸው ሜሮን ደግሞ ስልኳን አውጥታ፣ ዙሪክ ውስጥ የድሮ መኪና የሚጫረትበት አንድ ቤት መኪናዋን አስመዘገበቻት። «ሴ ፊኒ፣ አባዬ» አለችው፤ አለቀ ማለቷ ነው። አስፋ ቤተሰቡን ማስቀየም አልሆንለት ብሎ እሺ አለ። ቃሉንም ሰጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እህል አልወርድ አለው።

የጨረታው ቀን መኪናዋን እያዘገመ ዙሪክ አደረሳት። ሀብቴ ከኡስተር ባቡር ወርዶ፣ አንድ ትልቅ ፌስታል በብብቱ ሸጉጦ ጠበቀው። አስፋ አስጠነቀቀው፤ ዛሬ ሻጮች ነን እንጂ ገዢዎች አይደለንም፣ እባክህ አፍህን ያዝልኝ አለው። ሀብቴም ሕብስት ትሙት ብሎ ማለ።

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ጨረታው ሳይጀመር ተጫራቾች መኪኖቹን እየዞሩ የሚያዩበት ጊዜ ነበር። ከኤምጂዋ አጠገብ አንዲት ብርማ ጃጓር ቆማለች። ሀብቴ አየት አደረጋትና «ግሩም ናት፣ ይባርክላቸው» ብሎ ፊቱን አዞረ። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ከነሚስቱ መጥቶ ኤምጂዋ ሥር ተንበረከከ። ዓይኑ ላይ መውደድ ይታያል። ሀብቴ ጥቂት ታገሠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ በዚያ በኡስተር ጀርመንኛው ለቀቀው። ይቺም መኪና ተብላ! ዘይት ታንጠባጥባለች። ዝናብ ሲመጣ ከውጭ ይልቅ ውስጧ ያለው ሰው ነው የሚርሰው። ቸርኬዋ ልል ነው። በብርድ ቀን ለማስነሳት ጾም ጸሎት ያስፈልጋል። አስፋ ኮቱን ይጎትተዋል፤ የሚሰማው ግን የለም። ሽማግሌው ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ከኋላው የቆሙ ሁለት ሰዎችም አንገታቸውን ነቅንቀው ወደ ጃጓሯ ሄዱ።

አስፋ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ኤምጂዋ ከዚህ በታች አትሸጥም ተብሎ የተመዘገበ ዋጋ ነበራት፤ እዚያ ካልደረሰ ወደ ቤቷ ነው። ጃጓሯ ላይ እጅ በእጅ ላይ ተነሣ። የኤምጂዋ ተራ ሲደርስ አንድ እጅ ወጣ፣ ቀጥሎ ሌላ እጅ ወጣ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። አጫራቿ አዳራሹን ከዳር ዳር ቃኝታ መዶሻዋን አነሣች። መዶሻው ጠረጴዛውን መታ፤ አጫራቿም ዋጋው ስላልሞላ አልተሸጠችም ብላ ወደሚቀጥለው አለፈች።

እፎይ! አስፋ እንዲህ ያለ እፎይታ የተሰማው ሜሮን በሰላም የተወለደች ቀን ብቻ ነው። ቃሉን አላጠፈ፣ መኪናዋም አልሄደችበት። እንባው ሊመጣ ሲል መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። ቤት ሲደውል ዘነበወርቅ ሳቀችበት። «ሀብቴን ይዘህ ሄደህ ምን ልትሸጥ ኖሯል?» አለችው። ቀጥላም ወገብህን እየጠበቅክ ይዘሃት ና አለችው፤ ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም።

ለወጉ መቆጣት ነበረበትና ሀብቴን ውጭ አገኘው። ሀብቴ ግን መኪናዋ ውስጥ አጎንብሶ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይዞት ሲዞር የነበረውን ፌስታል እየፈታ ነው። ከውስጡ ጠንካራ ትራስ ወጣ፤ ለሾፌሩ ወንበር በልኩ የተሰፋ፣ ተቀማጩን ከፍ የሚያደርግ። ሕብስት ሰሞኑን እንደሰፋችው ነገረው። አስፋ ትራሱን አየ። ጃጓሯን እንዴት እንዳሞገሳት፣ ይቺን እንዴት እንዳጣጣላት ትዝ አለው። ይህን ሰው አርባ ዓመት እያወቀው ዛሬ ሊሞኝለት ነበር።

ሀብቴ ክንዱን ይዞ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ወገቡ አልጮኸም። መኪናዋ በሦስተኛው ሙከራ ተነሣች።

«ተቀየምከኝ እንዴ?» አለ ሀብቴ፣ ከጎኑ ሲገባ።

አስፋ ከላይ እስከ ታች አየው። ከንፈሩን ጣል አደረገ።

«አንተም ጓደኛ ተብለህ!» አለው።

ሀብቴ እስከ ኡስተር ድረስ ጥርሱን አልከደነም።