ቅያሪ ጎማ የማይዙት ክቡር ሰው

በየከተማው፣ በየሰፈሩ፣ ቅያሪ ጎማ ሳይዝ መንገድ የሚወጣ አንድ ሰው አይጠፋም። እንዲያውም የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል ብዬ ማመን ከጀመርኩ ቆየሁ፦ ጎማ ሊተነፍስ ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰውና፣ ጎማው ሲተነፍስ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ የሚያስብ ሰው። የመጀመሪያው በጊዜ ቤቱ ይገባል፤ ስለ እሱ የሚጻፍ ነገር የለም። ሁለተኛውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መንገድ ዳር ተንበርክኮ አይታችሁታል። ልትረዱት ቆማችሁ፣ ተመክራችሁ ሄዳችኋል።

የእኔው ክቡርነታቸው የእህቴ ባል ናቸው። በሙያቸው መነጽር ሠሪ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላውን ሰው ዓይን ሲያስተካክሉ ኖረው፣ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ የራሳቸው ዓይን በአንዲት ቀይ፣ አሮጌ የእሽቅድምድም መኪና ላይ አረፈ። መኪናዋ ከመሬት ያላት ከፍታ ቀጭን መጽሐፍ ያሾልካል፤ ወፍራም ከሆነ አያሳልፍም። ስትገቡባት አትቀመጡም፣ ትወድቃላችሁ። ስትወጡ ደግሞ አትወርዱም፣ ትወለዳላችሁ። ከኋላ ወንበር የሚመስል ነገር አላት፤ ክቡርነታቸው “ለሕፃን ወይም ለፈላስፋ የተሠራ ነው” ይሉና ጉልበቴን ከአገጬ ጋር አጣጥፈው እዚያ ይከቱኛል።

የሠራት ፋብሪካ ለቅያሪ ጎማ ቦታ አልተወላትም። በምትኩ፣ ጎማው ሲበሳ ወደ ውስጥ የሚረጭ አንድ ጣሳ አረፋ ሰጥቷል። ክቡርነታቸው መኪናዋን በገዙበት ዕለት ጣሳውን ጣሉት። አረፋ ለጢም ነው አሉ። በዕቃ መያዣው ውስጥ ያለው ንብረታቸው ሌላ ነው፦ አንድ ጣውላ፣ አንድ እንደ ኤሊ ዝቅ ያለ ክሪክ፣ ጎማ መፍቻ፣ የተበሳውን የሚደፍኑበት የሚጣበቅ የጎማ ቁራጭ፣ ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ መንፊያ፣ እንዲሁም የሚተኙበት ቁራጭ ምንጣፍ። ሰፈሩ ጋሽ ምንጣፍ የሚላቸው በዚህ ምክንያት ነው። እሳቸው ግን ስማቸው የመጣው ሳሎናቸው ከማማሩ የተነሳ ይመስላቸዋል፤ ያረማቸው ሰው የለም።

ጎማቸው ተንፍሶ የቆሙ እንደሆነ፣ ማንም ደግ ሰው የራሱን ክሪክ ይዞ ይወርዳል። ክቡርነታቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይጠብቁታል። ሰውየው ይንበረከካል፣ ክሪኩን ሊያስገባ ይሞክራል፣ አይገባም፤ አዙሮ ይሞክራል፣ አይገባም። ያን ጊዜ በታላቅ ርኅራኄ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉና፣ “ተወው ልጄ፣ በሽታውን አውቀዋለሁ” ይሉታል። ከዚያ ትምህርቱ ይጀመራል። ጎማውን የወጋው ምስማር እንደ ቡሽ ነው፤ ለመድፈን ሳትዘጋጅ አትነቅለውም። ክሪኩ የማይገባው መኪናዋ ስላጠረች ሳይሆን ሰው ስለቸኮለ ነው፤ በመጀመሪያ የተነፈሰውን ጎማ ቀስ ብለህ ጣውላው ላይ ትነዳዋለህ፣ መኪናዋ ትንሽ ቀና ትልልሃለች፣ ከዚያ ክሪኩን ታስገባለህ። ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎው፣ ጎማውን እስከ ግማሹ፣ ዓይን ላይ እንደ ወረደ ባርኔጣ ሸፍኖታል፤ ስለዚህ ቀዳዳውን ለማግኘት ጎማውን መፍታት ግድ ነው። አንድ ጊዜ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻው ቆሞ ካዳመጠ በኋላ፣ አባባ፣ ይህን ሁሉ ከሚያውቁ አንድ ጎማ ቢይዙ አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ክቡርነታቸው አዘኑለት። ቅያሪ የሚይዝ ሰው በያዘው ነገር ያልተማመነ ሰው ነው አሉት። ሹፌሩ ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ ፍርድ ጠየቀኝ። እኔ በሥራ ላይ ነበርኩ፤ ከመኪናዋ ኋላ ቆሜ ለመጪው ቀይ ጨርቅ አውለበልባለሁ። የተመደብኩበት ሥራ ይህ ነው። ፍልስፍና ሳስተምር ኖሬ ከዩኒቨርሲቲ ጡረታ የወጣሁት ለዚህ ነው።

አንድያ ልጃቸውን በሠርጓ ቀን አሳፍረው ሲወስዱ እንኳ ጎማው ተነፈሰ። ከኋላ የሚከተለው የሠርገኛ መኪና ሁሉ ቆመ፤ ሁሉም ሙሽሪትን በእኔ ውሰዱ አለ፤ ክቡርነታቸው በሽታውን አውቀዋለሁ አሉ። የባትሪ መንፊያው ያን ዕለት እምቢ ስላለ፣ ልጅቱ ቬሏን ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ፣ ቱቦውን በእጇ ይዛ፣ ከሠርገኛ የተገኘ የእግር መንፊያ በነጭ ጫማዋ ረገጠች። በሠርጓ ፎቶግራፍ ሁሉ ላይ እጇን ከአበባው ሥር ደብቃ ነው የቆመችው፤ ጥፍሯ እንደ ጎሚስታ ጥፍር ጠቁሮ ነበር። ይህን ስታወራ ዛሬም ትስቃለች፤ ነገር ግን ያቺን መኪና የምታይበት ዓይን ከዚያ ወዲህ የፍቅር ዓይን አይደለም።

ከዚህ በኋላ ክቡርነታቸው ማለቴን አቆማለሁ፤ የምጽፈው ነገር ማዕረግ አይሸከምም።

በዚህ ሁሉ ሥርዓት ውስጥ እህቴም ሥራ ነበራት። እሱ ጎማውን ሲፈታ እሷ በቀኙ፣ ድንጋይም ይሁን የመንገዱ ጠርዝ ባገኘችው ነገር ላይ ትቀመጥና ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ትዘረጋለች። እሱ ብሎኖቹን በመዳፉ ይሰበስብና ዞር ብሎ ሳያያት እጁን ወደ ቀኝ ዘርግቶ ቀሚሷ ላይ ያፈስሳቸዋል። ሲጨርስ እጁን እንደገና ይዘረጋል፤ አንድ በአንድ ታቀብለዋለች። አንድም ቀን “እንኪ” ሲላት፣ አንድም ቀን “አምጪ” ሲላት አልሰማሁም። ወሬያቸው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ቧንቧው፣ እኔ ለምን ሚስት እንዳላገባሁ። ትዳራቸው ምን እንደሚመስል የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ይህንኑ እነግረው ነበር። አብሮ የኖረ ሰው ከሚያውቀው ነገር ግማሹ የሚቀመጠው በሌላው እጅ ነው፤ የራሱ የሚመስለውም ሌላው በቦታው እስካለ ድረስ ነው።

እህቴ ባለፈው ክረምት አረፈች። ሕመሟ ረጅም ነበር፤ እሱ ከአልጋዋ አጠገብ አልጠፋም፣ መኪናዋም ከሸራዋ ሥር አልወጣችም።

ከኀዘኑ በኋላ ልጅቱ ደወለችልኝ። አባቷን ሁልጊዜ ትጠይቀዋለች፤ መልሱ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው። ነገር ግን ጎረቤት ምድጃው ሲነድ ማደሩን ነግሯታል፤ የልብሱ ቁልፍ ተዛንፎ አይታዋለች። የሚመጣው እሑድ ምሳ ጠርታዋለች፤ እኔም አብሬው እንድመጣ ለመነችኝ። ቤቷ ውስጥ አንድ ክፍል አሰናድታለታለች። እሱ ከገባ የእሱ ቤት ይከራያል፣ መኪናዋ ትሸጣለች።

“አጎቴ፣ መንገዱን ሁሉ እየው” አለችኝ። “ብቻውን መኖር ይችል እንደሆነ እውነቱን ትነግረኛለህ። አንተ ያልከውን አደርጋለሁ። እኔ አልችልም፤ እሱን ሳይ አለቅሳለሁ።”

እሑድ ሊወስደኝ ሲመጣ ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ምሳ እንዳልሆነ፣ ፍርድ ቤት መሆኑን ያውቃል። ከፊት እንድቀመጥ በሩን ከፈተልኝ። የፊተኛው ወንበር የእሷ ስለነበር እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ልታጠፍ ስል፣ “ና እዚህ” ብቻ አለኝ። መንገዱን በሙሉ በትክክል ነዳ። ማርሹን በጊዜው ቀየረ፣ እግረኛ አሳለፈ፣ የሚሰድበውን ሰደበ። በልቤ ምስክርነቴን እያዘጋጀሁ ነበር፤ ይችላል፣ ከእኔ ይሻላል፣ ተይው።

ከከተማው ወጣ ብለን፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጎርፍ ቦይና ረጅም ሣር ያለበት ቦታ ስንደርስ የፊት ጎማው ተነፈሰ።

ደስ ያለው መሰለኝ። ሸሚዙን ጠቀለለ፣ ጣውላውን አነጠፈ፣ ጎማውን እላዩ ላይ ነዳ፣ ክሪኩን አስገባ። እኔ ከኋላ ጨርቄን እያውለበለብኩ፣ ጊዜውን አስልቼ በልቤ እንደርሳለን አልኩ። እሱ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ብሎኖቹን ፈታ፤ ሰብስቦ በመዳፉ ያዘ፤ ዓይኑን ከጎማው ሳያነሳ እጁን ወደ ቀኝ ዘረጋና መዳፉን ከፈተ።

ብሎኖቹ አስፋልቱ ላይ ፈሰሱ። ተንከባለሉና ተራ በተራ ቦዩ ውስጥ ገቡ።

እጁን አልሰበሰበም። መዳፉ ክፍት እንደሆነ፣ ማንም በሌለበት አየር ላይ ቆየ። እኔ ጨርቄን ማውለብለብ ትቼ ቆምኩ። በሽታውን አውቀዋለሁ ይል እንደሆነ ጠበቅሁ፤ አላለም። ቀስ ብሎ ተነሳና በዚያ ነጭ ሸሚዝ ቦዩ ውስጥ ወርዶ ጭቃውን በጣቱ ይዳብስ ጀመር። ተከትዬው ወረድኩ። ሁለት ሽማግሌዎች በአራት እግራችን ስንድህ፣ አንድ ባለ ታክሲ አቁሞ ምን ጠፋባችሁ አለን። እንደ ወትሮው ተወው ይለዋል ብዬ ስጠብቅ፣ “እርዳን ልጄ” አለው። ከዚያ ቀን ሁሉ ያስፈራኝ ይህ ነው። ቅያሪ ጎማ አልያዙም ወይ ተብሎ ሲጠየቅም ጭቃውን መዳበሱን ቀጠለ።

ከአንዷ ብሎን በቀር ሁሉንም አገኘናቸው። ጎማውን ደፈነ፣ ነፋ፣ መልሶ አሰረ። ብሎኖቹን ሲያስር አንድ በአንድ የማቀብለው እኔ ነበርኩ፤ ቶሎ ቶሎ አቀብለዋለሁ፣ ይወድቅብኛል፣ እሱ ግን አልተቆጣኝም። የቀረውን መንገድ በዝግታ ነዳ።

ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጭቃ የያዘው ጉልበቱን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። ምን እንዳቆየን ስትጠይቅ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ።

“ጎማ ተነፈሰ። ብሎኖቹን ለእናትሽ ሰጠኋት” አላት።

እጁን ይዛ አስገባችው፣ ውሃ አምጥታ እንደ ልጅ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠበችለት። ምግቡ ቀርቦ ቀዝቅዟል። ሦስታችንም ተቀምጠን ማንም አልነካውም። በመጨረሻ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

“አጎቴ። ብቻውን ይችላል?”

እሱ አላየኝም። የገበታ ጨርቁን ጫፍ እያጠፈ ይዘረጋዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ እውነት ሳስተምር ኖሬ፣ እውነት በአንድ ቃል የተጠየቅሁት ያን ዕለት ነው።

“አይችልም” አልኳት።

ጨርቁን ማጠፉን አቆመ።

“አይችልም፤ ግን ካንቺ ጋር ቢገባ ደግሞ አባትሽ አይሆንም፣ እንግዳሽ ነው የሚሆነው። እኔ ዕቃዬን ጠቅልዬ እሱ ጋ እገባለሁ።”

“አጎቴ፣ አንተ እኮ ከሰው ጋር መኖር አትችልም።”

“እሱ ሰው አይደለም፤ የእህቴ ባል ነው።”

ልጅቱ መሳቅ ጀምራ መሃል ላይ አለቀሰች። እሱ የገበታ ጨርቁን ጫፍ በመዳፉ አስተካከለ። ደስ ብሎት ይሁን ተዋርዶ፣ ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ሲናገር ድምፁ የድሮው፣ መንገድ ዳር የሚያስተምርበት ድምፅ ነበር።

“የምሥራቁ ክፍል የእህትህ ነው፤ ዕቃህን አታስገባበትም። ላንተ ፀሐይ የማይገባው ይበቃሃል፤ መጽሐፍ ፀሐይ አይወድም።”

እሺ አልኩት።

“ጠዋት ጠዋት በሯን ከፍቼ እንዴት አደርሽ እላታለሁ። ግድግዳው ስስ ነው፣ ትሰማኛለህ። እንዳልሰማህ ትሆናለህ።”

“እንዳልሰማሁ እሆናለሁ።”

እንግዲህ አብረን እንኖራለን። ምድጃውን እኔ አጠፋለሁ፤ እሱ መነጽሬን ይወለውልና እንዴት በዚህ ቆሻሻ ዓለምን ስታይ ኖርክ ይለኛል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ትራሴን ጆሮዬ ላይ እደርባለሁ፤ ቃሌ ነውና አልሰማም። አንዳንድ ቀን ግን እንቅልፍ ይዞት ያረፍዳል። ያን ጊዜ በእግር ጣቴ ሄጄ የእህቴን በር የምከፍተው እኔ ነኝ።