ኪኒን የሚያጠራቅም ባል

እናንተዬ፣ ኪኒን የሚያጠራቅም ባል ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ጋምቤላ ላይ ወባ ሲይዘው ቤቱን በማቃሰት ይሞላዋል፤ ትኩሳቱ በረድ ሲልለት ግን የተረፈውን ኪኒን «ለክፉ ቀን» ብሎ ኪሱ ይከታል። ክፉው ቀንም አያሳፍረውም፣ ወሩ ሳይሞላ ይመጣለታል።

ፋርማሲስታችን ኦኬሎ ታዲያ ዘዴ አመጣ። የወባ መድኃኒቱን ጨርሶ ባዶ ማሸጊያውን ላመጣለት ሰው ቀዝቃዛ ውሃና ከቬንትሌተሩ ፊት ወንበር ይሰጣል። በዚህ ሙቀት ይህ ሹመት አይደለም ትላላችሁ? ከተማው ወደ እሱ ጎረፈ።

ባሌም እንደገና ወባ ይዞት ትኩሳቱ በረድ ባለለት በሦስተኛው ቀን፣ ወንበሩ አማልሎት ማሸጊያውን ይዞ ገባ። ኦኬሎ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ጋሽ ታደሰ፣ እነዚህ አራቱስ?»

«ለክፉ ቀን ናቸው።»

«ክፉውን ቀን የሚጠሩት እኮ እርስዎ ነዎት! የመጨረሻው ዙር እኮ ናቸው፤ የሚዋጡበት ሰዓት አሁን ነው።»

ተራ የምትጠብቅ አንዲት እናት ከኋላ ጮኸች፤ «ዋጠው አንተ ሰውዬ፣ እኛም እየቀለጥን ነው!»

ዋጠ። ፋርማሲው ሙሽራ እንደገባበት ቤት በእልልታ ተናጋ፤ ባሌም እንደ ንጉሥ ወንበሩ ላይ ተንሰራፋ።

ይኸው ክረምቱ አለፈ፤ አንድም ቀን አላቃሰተም። የእኔ ልመናና ቁጣ ያልረታውን ሰው ቬንትሌተር ረታው!