ጥናቱ ያላለቀላቸው ሰው

እናንተ ሰፈር ላቦራቶሪ ሳይገቡ ተመራማሪ የሆኑ ሰው አሉ? እኛ ጋ፣ ኤረር በር አጠገብ፣ አው ሙክታር አሉ። ኮሮና የገባ ሰሞን ከበርጫ ሳይነሱ ጫቱንም ነጭ ሽንኩርቱንም መርምረው ጨረሱ። ማን ይከራከራቸዋል? የአፎቻችን፣ ማለትም የሠርግና የሐዘን ማኅበራችን ሰብሳቢ ናቸው።

ክትባቱ ሲመጣ ታላቅ ወንድሜ ነጂብ ሊከተብ ተነሳ። ስኳር ነበረበት። አው ሙክታር ስልካቸውን ከፍ አድርገው፣ "ጥናቱ መች አለቀና! አንተ የፈረንጅ አይጥ ነህ እንዴ የሚሞክሩብህ? ታገስ!" አሉት። በርጫው በሙሉ ሳቀ። ነጂብም አብሮ ሳቀና ተመልሶ ተቀመጠ። የትልቅ ሰው ቃል እንዴት ይጣሳል?

ከሁለት ወር በኋላ ሆስፒታል ተኝቶ፣ የኦክስጅኑን ጭንብል በእጁ ገለጥ አድርጎ፣ "ጥናቱ አለቀ እንዴ?" አለኝ። ሊያስቀኝ ብሎ ነበር። አልሳቅኩም። አሁን ምነው በሳቅኩለት እላለሁ።

ለለቅሶው አፎቻው አንድም ሳይቀር መጣ። አው ሙክታር አጠገቤ ተቀምጠው ሙስበሃቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ሲያወጡ ከኪሳቸው ቢጫ ካርድ ወደቀ። አነሳሁላቸው። የክትባት ካርድ ነው። ሁለት ጊዜ ተከትበዋል፤ የመጀመሪያውን የተከተቡት ነጂብን ታገስ ባሉት ሳምንት ነው።

"አው ሙክታር፣ ጥናቱ አላለቀም አላሉም?"

"ይሄ እኮ ለዑምራ ጉዞ ነው ልጄ። ያለሱ ቪዛ አይሰጡም።"

እውነታቸውን ነው። ነጂብ የሄደበት አገር ቪዛ አይጠይቅም።