«ያፈሳል» ወይስ «ያፍሳል»?

የሁሉም የሆነ ቤት ሲያፈስ፣ ፍሳሹ የማን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብዙ አስቤበታለሁ። ግድግዳው የሰፊው ሕዝብ፣ ጣሪያው የሰፊው ሕዝብ፣ በሩና መስኮቱ የሰፊው ሕዝብ በነበሩበት በዚያ ዘመን፣ ጠብታው ብቻ በምን ምሥጢር እንደሆነ ሳይገባኝ የእኔ የግል ሀብት ሆኖ ቀረ። ማንም ሊወርሰው አልፈለገም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ጅማ ከተማ አማርኛ አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩበት ወቅት ነው። ቀበሌው ያከራየኝ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ፣ ከአንድ ቡና ነጋዴ የተወረሰና ለብዙ ቤተሰብ የተሸነሸነ ቤት ነበር። ለሌሎቹ ሳሎኑና መኝታ ክፍሎቹ ሲደርሳቸው፣ ለእኔ ላጤ ነኝና አንዲት ጠባብ ክፍል ከነመጸዳጃዋ ተሰጠችኝ። መጸዳጃዋስ የዋዛ አልነበረችም፤ ከራስ በላይ የተሰቀለ የብረት የውኃ ሳጥን፣ ከእሱም የሚንጠለጠል ረጅም ሰንሰለት ነበራት። ባልደረቦቼ ጉድጓድ ላይ ሲቀመጡ እኔ እንደ መኳንንት ሰንሰለት እስብ ነበር። ክብሩ ግን ከሳጥኑ ሥር ባለችው ቧንቧ በኩል ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ ያልቅ ጀመር።

ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበራችን ከሹመታቸው በፊት በበቾ ቦሬ ሰፈር ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ ሲናገሩ እስካሁን በከንፈራቸው መርፌ የያዙ የሚመስሉ ሰው ናቸው። «ጓድ መምህር፣ ዘመቻው ይለፍና እናየዋለን» አሉኝ። ዘመቻው አለፈ። ሌላ ዘመቻ መጣ። እሱም እስኪያልፍ ጠበቅሁ። መጠበቅ ራሱ ሥራ ሆኖ ደሞዝ ቢከፈልበት ኖሮ፣ ያ ትውልድ በሙሉ ባለጸጋ በሆነ ነበር።

ስለዚህ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ስለ ጅረትና ስለ ፏፏቴ የተጻፈ ግጥም ሲተነትን የኖረ አእምሮ አንዲት ቧንቧ አያቅተውም ብዬ፣ ፒንሳ ተውሼ፣ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ በርጩማ ላይ ወጣሁ። ዳዶውን ፈታሁ፣ ላስቲኩን ጠመጠምኩ፣ ዳዶውን አጠበቅሁ። ጠብ አለ። እንደገና ፈታሁ፣ ጠመጠምኩ፣ አጠበቅሁ። አሁን ጠብታው ቀርቶ በቀጥታ ግንባሬ ላይ ይፈስ ጀመር። ያን ጊዜ ነው የተማርኩት ትሕትና ሁሉ ጥሎኝ የሄደው። በመስኮቱ በኩል ወደ ግቢው፣ ለማንም ሳይሆን ለሰማይ፣ «ያፈሳል! ኧረ አሁንም ያፈሳል!» ብዬ ጮህኩ።

እዚህ ላይ፣ ታገሡኝና፣ ስለ ሰዋስው ትንሽ ልበል። ውኃ ሲሆን «ያፈሳል» እንላለን፤ እህል ከአውድማ የሚዝቅ ሰው ሲሆን «ያፍሳል»። በሁለቱ መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፤ «ፈ» ግዕዝ፣ «ፍ» ሳድስ። በዚያ ዘመን ደግሞ እንደ እህል ይዛቅ የነበረው ወጣቱ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ልጆችን ከየመንገዱና ከየጓዳው መልቀም «አፈሳ» ይባል ነበርና፣ «ያፍሳል» የሚለውን ቃል የሰማች እናት ሁሉ ስለ እህል አታስብም።

ጎረቤቴ አዴ ዘሃራ በዚያች ሰዓት ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ጥሬ ቡና እየለቀሙ ነበር። አንድ ልጅ አላቸው፤ ጀማል ይባላል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ፣ ውጤት ሳይመጣለት ቀርቶ፣ ከአልጋና ከቁም ሣጥን መካከል ተሸሽጎ የሚኖር። እኔ ውኃው እያንጠፈጠፈ፣ ፒንሳዬን እንደያዝኩ ብቅ ስል፣ ግቢው ውስጥ የቀረው የተገለበጠ ሰፌድና የተበተነ ቡና ብቻ ነበር። ጥቂት ቆይተው አዴ ዘሃራ ነጠላቸውን እየጎተቱ ከጓሮ መጡ።

«የት ደረሱ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እነማን?»

«አፋሾቹ ናቸዋ!»

«ምን አፋሽ አለ፣ አዴ! ሽንት ቤቱ ነው የሚያፈሰው።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ያ ረቢ! አንተ ልጅ፣ ልጄን በሽንት ቤት አስባረርክብኝ?»

«አሁን የት ይገኛል?»

«ምን አውቄ! አጥር ዘሎ ሄደ። ይሄኔ የአጋሮ መኪና ላይ ወጥቷል፤ አጎቱ ጋ ነው የሚገባው። በል ና፣ ቡናዬን ልቀም!»

ተንበርክኬ ለቀምኩ። የሥነ ጽሑፍ ምሩቅ መሆኔን ያን ቀን ማንም አላነሣብኝም።

እውነተኛው አፈሳ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ሰፈሩን ቤት ለቤት ፈተሹት፤ የአዴ ዘሃራን ቁም ሣጥን ከግድግዳው አላቀቁት፤ ከኋላው ሸረሪት እንጂ ጀማል አልነበረም። ሰዎቹ እንደሄዱ አዴ ዘሃራ ወደ ክፍሌ ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

«ከየት ሰማህ?»

«አልሰማሁም፤ በእመቤቴ፣ ላስቲኩ ነው!»

«ኤ፣ ይሁን። ላስቲኩ ነው» አሉና ዓይናቸውን ጠቀሱኝ።

ከዚያ በኋላ ብምል ብገዘት ማን ሊሰማኝ! በካድኩ ቁጥር አዋቂነቴ ገነነ። መንገድ ላይ የማላውቃቸው እናቶች ያስቆሙኝና፣ ስለ ጤናዬ ከመጠየቃቸው በፊት «መምህር፣ ሽንት ቤቱ ደኅና ነው?» ይሉኛል። እኔም ይህን ሐሜት የምገድለው ቧንቧውን ስጠግን ብቻ ነው ብዬ፣ በቀጣዩ እሑድ ላስቲኩን በቃጫ ለወጥኩ። ላምነው አልቻልኩም፤ ተሳካልኝ! ሳጥኑ እንደ መቃብር ዝም አለ። እኔ በእጄ ሠርቼ ያሳመርኩት ብቸኛ ነገር ያ ዳዶ ነው።

አዴ ዘሃራም ዝምታውን ሰሙት። ሽንት ቤቱ ዝም ካለ አገር ሰላም ነው ብለው ወደ አጋሮ ላኩ፤ ጀማል ተመልሶ መጣ። የእጄ ሥራ ያስፈራኝ ይሄኔ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊቀ መንበሩ ብቻቸውን መጡ። ወሬው ጆሯቸው ደርሷል፤ አለቀልኝ አልኩ። ሰላምታም ሳይሰጡኝ ወደ መጸዳጃዋ ገብተው ሰንሰለቱን ሳቡና ውኃው ሞልቶ እስኪያበቃ አዳመጡ።

«ጥሩ ጠግነኸዋል» አሉ።

«አመሰግናለሁ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ነገ ግን ያፈሳል።»

«አያፈስም። ቃጫ ነው ያደረግሁበት፣ ዳዶውንም …»

«ያፈሳል አልኩህ። በማለዳ ሳይሆን አይቀርም።» ፊታቸው ወደ ሳጥኑ እንጂ ወደ እኔ አልነበረም፤ ብዙ እንቅልፍ የጎደለው ሰው ፊት ነበር። ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወጡ።

ቧንቧ በቀጠሮ አያፈስም፤ ነገ በማለዳ የሚመጣው ምን እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ በርጩማው ላይ ወጥቼ፣ ያን በስንት ድካም ያጠበቅሁትን ዳዶ በገዛ እጄ ፈታሁት። ቀዝቃዛው ውኃ በእጅጌዬ ገብቶ ብብቴ ደረሰ። በመስኮቱም በኩል፣ ተማሪዎቼን ስለ ፊደል አነባበብ ስቀጣ የኖርኩት ሰው፣ አውቄ ፊደሉን አሳስቼ ጮህኩ፦ «አዴ! ያፍሳል!»

አዴ ዘሃራ በዚህ ጊዜ ሰፌዳቸውን አልገለበጡም። ለሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ «አይ የአንተ ነገር! ጠገንኩት አላልክም ነበር? እጅህ አይረባም፤ ሚስት የሚሰጥህም የለ!» እያሉ ስድቡን ሲያወርዱብኝ፣ ጀማል ከኋላቸው በጓሮ በር ወጣ።

በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ሊቀ መንበሩ፣ ከሰፈራችን የተፈለገው ወጣት እንዳልተገኘ በቁጣ ከተናገሩ በኋላ፣ አንዳንድ ምሁራን የሕዝብን ንብረት በአግባቡ መጠገን አለመቻላቸውን አንሥተው ስሜን ጠርተው ሂስ አደረጉብኝ። አዳራሹ ወደ እኔ ዞረ። እናቶቹ አንገታቸውን ደፉ።

ተነሣሁና ግለ ሂስ አደረግሁ። «ጥፋቴን አምናለሁ፣ ጓዶች» አልኩ፤ «ከዳዶው ይልቅ ወደ ፊደሉ አዘነበልኩ።»