የካፒቴን ሩስተም አምስት ደቂቃ

በዚህ ዓለም መንገድ የሚመራ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው። ተራራ የሚያወጣውም፣ የሠርግ ቤት የሚያሳየውም «ደርሰናል» ሳይል አይውልም። አንደኝነቱን ግን ከእኛው ከቱርክ ባሕር ዳር፣ ከኬኮቫው ሰው፣ ከክቡር ካፒቴን ሩስተም የሚነጥቀው አልተወለደም። ካፒቴን የምንለው ለክብሩ ነው እንጂ መርከብ የለውም። ያሉት ስምንት ካያኮች ናቸው፤ እግር ተዘርግቶ የሚቀዘፉ ጠባብ ጀልባዎች።

ክቡርነታቸው ያላቸው አንድ ንግግር ነው፤ «ከዚያች አፍንጫ ጀርባ ነው፣ አምስት ደቂቃ።» አፍንጫ የምንለው ወደ ባሕሩ የወጣውን ገደል ነው። ከአፍንጫው ጀርባ ሌላ አፍንጫ አለ፤ ከዚያም ጀርባ እንዲሁ። አንዲት ጀርመናዊት መምህርት ሰባተኛው ላይ ስታፋጥጠው፣ «ይቺ ትናንት እዚህ አልነበረችም» አላት አሉ።

ጉልበቱ ያለቀበትን እንግዳ በቢጫ ገመድ እየጎተተ ያመጣዋል። እኔ ጡረተኛው ፋርማሲስት ኔጃቲ ደግሞ ወደቡ ላይ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጬ በሚጎተተው እስቃለሁ። «ዓሣ ተያዘ!» የምትለውን ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ አሁን ሻይ ቤቱ በሙሉ ይላታል።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል። ባለፈው ግንቦት ባለቤቴ ኔርሚን፣ ከመሳቅ ለምን ራስህ አትሞክረውም አለችኝ። ያለችው ሰው ፊት ነው። በአንድ እጄ እቀዝፈዋለሁ አልኩ። በነጋታው ሻይ ቤቱ ወንበሮቹን ወደ ባሕሩ አዙሮ ተቀመጠ። በገመድ ከመጣሁ እዚያ ዳግመኛ መቀመጥ የለም፤ ሌላ መቀመጫ ደግሞ የለኝም።

ሩስተም እኔንም ሆዴንም አየ። ባለሁለት መቀመጫው ጀልባ ላይ ከፊት አስቀመጠኝና እሱ ከኋላ ገባ።

«ጋሼ ኔጃቲ፣ ትከሻዬን አሞኛል። ዛሬ እርስዎ ነዎት የሚወስዱኝ። ወደኋላ ግን እንዳይዞሩ፣ እንገለበጣለን።»

ጠዋት ባሕሩ ዝም ብሎ ተኝቶ ነበር። ሩስተምን ምስኪን ብዬ አዘንኩለት፤ ግማሹን መንገድ ስለ ትከሻ ቅባት ሳስተምረው ሄድኩ። አንድ ጸጥ ያለ የባሕር ዳር ላይ ወርደን ዳቦና ወይራ በላን። ሁለት አጎረስኩት፣ ለበሽተኛ ነው ብዬ።

ስንመለስ ነፋሱ ከፊት መጣ። በየጀልባቸው አብረውን የወጡት ሌሎቹ እንግዶች ቀድመውን ጠፉ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ክንዴ የእኔ አልመስል አለኝ። ሦስተኛዋ አፍንጫ ላይ ሻይ ቤቱንም ወንበሬንም ተውኩት።

«ሩስተም፣ በቃኝ። ገመዱን አውጣ።»



«ገመዱንማ ቤት ረስቼዋለሁ፣ ጋሼ። ደግሞ ደርሰናል።»

እሱንም፣ ዘር ማንዘሩንም፣ አፍንጫውንም ሰደብኩ። ከዚያ ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ ቀዘፍኩ። የሚገርመው፣ መቅዘፊያዬን ጭኔ ላይ አሳርፌ ስተነፍስ እንኳ ጀልባዋ አልቆመችም። ቅድም ያፈሰስኩት ጉልበት ተጠራቅሞ ይሆናል አልኩ፤ ፋርማሲስት ነኝና ለሁሉም ነገር ማብራሪያ አላጣም።

ወደቡ ስንደርስ «ዓሣ ተያዘ» ያለ ሰው አልነበረም። ስወርድ ጉልበቴ ከድቶኝ ውሃው ውስጥ ተንበረከክሁ፤ ባሕሩን እያመሰገንኩ ነው አልኳቸው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ በሽተኛ በማዕበል መሀል እንዴት እንዳሻገርኩ አወራሁ። ሩስተም አጠገቤ ተቀምጦ፣ ትከሻውን እያሸ፣ «እሳቸው ባይኖሩ» ይል ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ኔርሚን የዚያን ቀን ከወደቡ ያነሳችውን ፎቶ ስልኳ ላይ አሳየችኝ። እኔ ከፊት ነኝ፤ መቅዘፊያዬ ጭኔ ላይ ተጋድሟል፣ አገጬ እንደ አገረ ገዥ ወደ ላይ ነው። ከኋላ ሩስተም ጥርሱን ነክሶ ይቀዝፋል፣ ሸሚዙ በላብ ገላው ላይ ተለጥፏል። እግሩ ሥር ቢጫው ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

አፈርኩ። ፎቶውን ለማን አሳየሽ አልኳት። ለማንም አለችና ሻይ ቀዳችልኝ።

ዘንድሮ ፀደይ ሲገባ ወደቡ ወረድኩ። ሩስተም ጀልባ ያጥባል።

«ትከሻህ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ብሶብኛል፣ ጋሼ» አለ፣ ቀና ሳይል።

«እንግዲያው እኔ ከፊት እቀመጣለሁ። ሩቅ ነው?»

«ከዚያች አፍንጫ ጀርባ ነው፣ አምስት ደቂቃ።»

አመንኩት።