ቧንቧ የማያምነው ባንቲሁን

ኢትዮጵያዊ ባለበት አገር ሁሉ ቧንቧ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ለንደን ብትሄዱ አለ፤ ጁባ ብትሄዱ አለ፤ ሰሜን ዋልታ ላይ ሦስት አበሾች ጎጆ ቢቀልሱ እንኳ ከሦስቱ አንዱ በረዶውን አቅልጦ በጀሪካን ማጠራቀሙ አይቀርም። ለኦማኗ ማስካት የደረሳት ክቡር አቶ ባንቲሁን ነው፤ በሙያው የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ፣ በአድራሻው የማቢላ ሰፈር ነዋሪ። ፎቅ ላይ የምትኖረው ጸጉር ሠሪዋ መሀቡባ ደግሞ ማንንም ሳታማክር «የውኃ ሚኒስትር» ብላ ሾማዋለች።

አዜብ ስታገባው ይህን ማንም አልነገራትም። ሰው ሊያገባ ሲል ስለ ጠባይ ይጠይቃል፣ ስለ ዘመድ ይጠይቃል፣ ስለ መጠጥ ይጠይቃል። ስለ ባልዲ ማን ይጠይቃል?

ባንቲሁን ያደገው ኮልፌ፣ ውኃ ደስ ሲላት ብቻ በምትመጣበት ሰፈር ነው። «መጣች!» ሲባል ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ተነሥቶ ዕቃውን ይዞ ይወጣል። ማስካት ሲመጣ ግን ቧንቧው በተከፈተ ቁጥር ይፈሳል። ሌላው ሰው ተመስገን ብሎ ይታጠባል። ባንቲሁን ዓይኑን አጥብቦ ሲያየው ቆየና «ይኼ ነገር አላማረኝም አዚ። ቧንቧ ቃል ኪዳን የለውም። አውሮፕላን እንኳ መጠባበቂያ አለው» አለ። በሳምንቱ የመጀመሪያው ጀሪካን ቤት ገባ።

ከዚያማ ማን ይመልሰው! የዘይት ጀሪካን፣ የወተት ጠርሙስ፣ የቀለም ባልዲ፣ ሰው የጣለው የልጆች መታጠቢያ፣ ሁሉም ሞልቶ ግቢው ውስጥ ተደረደረ። እንግዳ ማር ይዞ ሲመጣ ሌላው ማሩን ያያል፤ እሱ ዕቃውን። አዜብ ዶሮ ልትሠራ ትልቁን ድስት ብታነሣ ውኃ፣ ትንሹን ብታነሣ ውኃ። አንድ ጊዜ ለጋብቻቸው መታሰቢያ የጆሮ ወርቅ ሊገዛላት ማትራህ ገበያ ይዟት ሄደ። ሲመለሱ የእሷ ጆሮ ባዶ ነው፤ የእሱ ትከሻ ላይ ግን ትልቅ የመዳብ ጋን ተቀምጧል። ሻጩ «ይኼ እኮ ለጌጥ ነው» እያለ ቢለምነውም «ስንት ሊትር ይይዛል?» ከማለት አላቆመም። አዜብ እስከ ቤቷ ስትስቅ መጣች። መሳቅ ባትችል ኖሮ ድሮ ትፈታው ነበር።

ሳቋ የቆመው በከተማው የደንጊ ትኩሳት የያዛቸው ሰዎች መታየት ሲጀምሩ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ትናከሳለች፤ እንቁላሏን የምትጥለውም ቆሻሻ ቦይ ውስጥ ሳይሆን በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ነው። አዜብ ነርስ ናት። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሠራተኞቹን በየሰፈሩ ሲያሰማራ እሷም ከደጅ ደጅ እየዞረች፣ ለኦማኒውም ለሕንዱም ለአበሻውም በሚገባው ቋንቋ «ውኃ አታጠራቅሙ! ባልዲ ውስጥ ማይ ማፊ! ኻላስ!» ስትል ትውላለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ግቢዋ የባሕር ዳርቻ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

የቡድኑ መሪ ዶክተር አብዱልመጂድ ደግሞ ነገሩን አባባሱት። «እሑድ የእናንተን መንገድ እንፈትሻለን። ከሲስተር አዜብ ቤት እንጀምር፤ ለጎረቤቱ ምሳሌ ትሆናለች» አሉ። አዜብ ለይምሰል ፈገግ አለች። ያ ሁሉ ሰው በሩን የከፈተላት አምኗት ነው። የትንኝ እጭ እሷው ግቢ ቢገኝ ከእንግዲህ ማን ይሰማታል?

ማምሻውን ባሏን እጁን ይዛ ወደ ቀለም ባልዲው ወሰደችውና በስልኳ መብራት አሳየችው። ጥቃቅን እጮች እየተጥመለመሉ ይዋኛሉ።

«አየህ?»

ባንቲሁን ጎንበስ ብሎ በጥሞና መረመረና «አየሽ፣ ንጹሕ ባይሆን ኖሮ አይመርጡትም ነበር» አላት።

«ባንቲ! ሰው ታሞ እየተኛ ነው እኮ። ድፋው በቃ።»

«ውኃ ደፍቶ የተመሰገነ ሰው አላውቅም።»

«እሺ፣ ከእኔና ከውኃው ምረጥ!»

ለቀልድ ያለችው ነው። ሰውየው ግን፣ ለጥፋቱ፣ ከመመለሱ በፊት ትንሽ አሰበ። አዜብ መልሱን ሳትጠብቅ ገብታ ተኛች። በማግስቱም፣ በሌላውም ቀን ጀሪካኖቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም።

እሑድ ጠዋት አዜብ ከሌሊት ተረኝነቷ በቀጥታ ከቡድኑ ጋር ስትመጣ ከሁሉም ኋላ ነበረች። ዶክተሩ በሩን ገፍተው ገቡ። ከዚያ «ማሻአላህ!» ሲሉ ሰማች።

ግቢው ደረቅ ነው። ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ የመዳቡ ጋን፣ ሁሉም አንድ በአንድ ተገልብጦ በሰልፍ ተደርድሯል። መካከሉ ላይ ባንቲሁን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ባለቤት እጁን አጣምሮ ቆሟል። ዶክተሩ ሊጨብጡት እጃቸውን ሲዘረጉ መዳፉን ሰብሰብ አደረገው፤ ውኃ ቋጥሯል።

መሀቡባ ከፎቅ ወርዳ አዜብን ወደ ጥግ ሳበቻት። «ወላሂ አዚ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ጀምሮ ነው። አንድ ጠብታ መሬት ላይ አልደፋም። እየተሸከመ በመንገዱ ያለውን ዛፍ ሁሉ አጠጣው። ለአንዳንዱማ ‹በርታ› ሲለው ሰምቻለሁ።»

አዜብ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሄዳ አቀፈችው። «እኔን መረጥክ ማለት ነው?» አለችው በጆሮው። «የዚያን ዕለትም መርጬሻለሁ፤ ብቻ ትንሽ ዘገየሁ» አላት።

አምላክ ግን ቀልድ ይወዳል። ማክሰኞ ስልኩ ሁሉ ጮኸ፤ ከባሕር ከባድ ዝናብ እየመጣ ነው፣ የሚጠጣ ውኃ በተከደነ ዕቃ ያዙ ተባለ። ባንቲሁን መልእክቱን አነበበና የተገለበጡትን ጀሪካኖች አያቸው። ንክች አላደረጋቸውም። «የለም፤ የአንቺን ሥራ ዳግመኛ አላበላሽም» ብሎ ተቀመጠ። እግሩ ግን መሬቱን ይመታ ነበር።

አዜብ አንጀቷ አልቻለም። ተነሥታ ክዳን ያላቸውን ብቻ ለየች፤ የትንኝ እንቁላል የዕቃ ግድግዳ ላይ ይጣበቃልና ውስጣቸውን በብሩሽ ፈተገች፤ ሞላች፤ ከደነች። አንዱን ስትጨርስ ልቧ ትንሽ አረፍ አለ። ሁለተኛውን ስትጨርስ ይበልጥ አረፈ። እንዲህ ነው ለካ! ይህ ሰው ዘመኑን ሙሉ ሰላም የሚተኛው በዚህ ነበር፤ እሑድ ዕለት ያን ሰላሙን ነው ለእሷ ሲል በመንገዱ ዛፎች ላይ ያፈሰሰው። ወደደችው፤ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ወደደችው፤ የወተቱንም ጠርሙስ አነሣች።

«አዚ፣ ይበቃል» አለ ባንቲሁን።

«ይቺን ብቻ።»

«አዚ፣ ኻላስ!»

ዝናቡ ወረደ፤ ዋዲ የሚሉት ደረቅ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ዘጋ፤ ሰማዩም ጠራ። ቧንቧው ግን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልተቋረጠም። ባንቲሁን እንደ ጨዋ ባል እጅጌውን ሰብስቦ መጣና የመጀመሪያውን ጀሪካን ሊያነሣ አጎነበሰ።

አዜብ ክዳኑ ላይ ቁጭ አለችበት።

«ተው እስቲ፤ ጥብቅ ነው፣ ትንኝ አይገባውም። እስከ ሐሙስ ይቆይ።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ፤ ድንገት ውኃው ቢሄድስ?»

ባንቲሁን ቀና አለና ሚስቱን እንደ አዲስ ሙሽራ አያት።